ጉምጉምታው በየት ይገባል? ስለ አንድ የደብረ ማርቆስ ሳሎን የ5.1 ድምፅ የተደረገ ውይይት

ክሩን፣ ማለትም ምላሽ በምላሽ የሚቀጥለውን የመስመር ላይ ውይይት፣ የከፈቱት በደብረ ማርቆስ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ናቸው። ልጃቸው ከጀርመን የላከችላቸውን ባለ 5.1፣ ማለት አምስት ስፒከርና አንድ ሰብውፈር የሚያሠራ፣ አምፕሊፋየር ከነስፒከሮቹ ሳሎናቸው ውስጥ ከገጠሙ ወዲህ ሁለት ነገር እንዳስቸገራቸው በረጅሙና በትሕትና ጽፈዋል። አንደኛው ከፊት ስፒከሮችና ከሰብውፈሩ (ወፍራሙን ድምፅ ብቻ ከሚያሰማው ስፒከር) የሚወጣ፣ ዝቅ ያለና የማያቋርጥ ጉምጉምታ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ምንም ሳያሰማ እንኳ አለ፣ ሌሊት ቤቱ ጭር ሲል ደግሞ መኝታ ቤት ድረስ ይዘልቃል። ሁለተኛው ከሶፋው ጀርባ ግድግዳ ላይ የሰቀሏቸው ሁለቱ የኋላ ስፒከሮች ዜናም ይሁን ድራማ ሲተላለፍ ትንፍሽ አለማለታቸው ነው። ዕቃው በመንገድ ተጎድቶ ደርሶ ይሆናል ብለው ስለጠረጠሩ፣ ወደ ጠጋኝ ከመውሰዳቸው በፊት የሚያውቅ ሰው እንዲመክራቸው ጠየቁ።

አብዛኛው ጠያቂ የሚዘለውን ነገር እርሳቸው አልዘለሉም፤ ምን ከምን ጋር እንደተገናኘ አንድ በአንድ ዘርዝረዋል። የዲሽ ሪሲቨሩ ከቴሌቪዥኑ ጋር በኤችዲኤምአይ ተገናኝቷል። ከቴሌቪዥኑ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደው ቀይና ነጭ ጃክ ያለው የተለመደው ገመድ ነው። ሦስቱም ዕቃዎች መብራት የሚያገኙት ከቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ሥር ከተቀመጠ አንድ ኤክስቴንሽን ሲሆን፣ ሰብውፈሩ ግን ገመዱ ስላልደረሰ በመስኮቱ በኩል ካለው የግድግዳ ሶኬት ላይ ለብቻው ተሰክቷል። ይህ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነበር፤ ሆኖም እስከ 11ኛው ምላሽ ድረስ ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

1ኛው ምላሽ በባሕር ዳር ምህንድስና ከሚማር ወጣት የመጣ ነው። ጋሼ እያለ፣ ይቅርታ እየጠየቀ፣ ሦስት ጥያቄ ብቻ አቀረበ። ጉምጉምታው የአምፕሊፋየሩ ድምፅ ሲጨመርና ሲቀነስ አብሮ ይለዋወጣል ወይ? ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገቡት ገመዶች ሁሉ ሲነቀሉ ይቀራል ወይስ ይጠፋል? ድምፁስ ወፍራም እምታ ነው ወይስ ሽሽሽ የሚል? የጠየቀበትንም ምክንያት አብሮ አስረዳ፦ ረብሻው ከድምፅ መቆጣጠሪያው ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ከመቆጣጠሪያው በፊት፣ ማለትም በገመድ በኩል የገባ ነው፤ የማይለዋወጥ ከሆነ ግን ከመቆጣጠሪያው በኋላ ባለው ክፍል የተወለደ ነው። በእኔ ግምት ውይይቱ እዚሁ ላይ ረግቶ መልሱን ቢጠብቅ ኖሮ በግማሽ ያጥር ነበር።

አልጠበቀም። 2ኛው ጸሐፊ አምፕሊፋየሩ ስንት ብር እንደሚያወጣና ቀረጥ ተከፍሎበት እንደሆነ ጠየቀ። 3ኛው፣ ቡሬ ውስጥ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ጥገና ቤት እንዳለው የገለጸ ሰው፣ ምርመራ አያስፈልግም አለ። እርሱ እንደሚለው እንዲህ ያለ ጉምጉምታ የሚመጣው በኃይል መስጫው ክፍል ያሉት ትልልቆቹ ካፓሲተሮች (ቻርጅ አጠራቅመው የሚይዙት ክፍሎች) ሲደርቁ ነው፤ ክዳናቸው ማበጡን አይቶ መለወጥ ብቻ በቂ ነው፣ እርሱም ከቀትር በፊት የሚጨርሰው ሥራ ነው። ሰውዬው ከዕውቀት ባዶ አልነበረም። ዕድሜ በጠገበ አምፕሊፋየር ላይ የተናገረው በሽታ በእርግጥ ያጋጥማል።

4ኛው ምላሽ ሰጪ እርሱን በጨዋ ቃል አረመው። የመብራታችን ሞገድ 50 ሄርትዝ ስለሆነ፣ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ወደ ቀጥተኛ ኮረንቲ ሲለወጥ የሚቀረው ርጋፊ በእጥፉ፣ በ100 ሄርትዝ ይሰማል፤ ካፓሲተር ሲደክም የምንሰማውም በዋነኛነት ይህንኑ ነው። በገመዶች ልባስ (መሐለኛውን ሽቦ በከበበው የብረት መረብ) በኩል የሚገባው ረብሻ ግን ብዙውን ጊዜ 50ውን ራሱን ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ዕቃውን ከመፍታት በፊት፣ የድምፅን ሞገድ የሚለይ ነጻ መተግበሪያ በስልክ ላይ ጭኖ ከሰብውፈሩ ፊት ማስቀመጥና ጫፉ የት ላይ እንደሚቆም ማየት ይቻላል። አንድ ማስጠንቀቂያም አከለ፦ እነዚያ ካፓሲተሮች ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይዘው ስለሚቆዩ፣ ባለቤቱ በጉጉት ክዳኑን ከፍተው እጃቸውን እንዳይሰዱ።

በ5ኛው ላይ ጡረተኛው ተመለሱ። የታዘዙትን ሁሉ በየተራ ፈጽመዋል። ከአምፕሊፋየሩ ላይ ገመዶቹን ሁሉ ሲነቅሉና የፊት ስፒከሮችን ብቻ ሲተዉ ጸጥ አለ፤ ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ቢለጥፉም ለስለስ ካለ ሽሽታ በቀር የሰሙት የለም። የቴሌቪዥኑን ገመድ መልሰው ሲሰኩት ብቻውን ምንም አላመጣም። የሰብውፈሩን ገመድ ሲጨምሩበት ግን ጉምጉምታው በሁለቱም በኩል በአንድ ጊዜ ተነሣ። ከፊት ስፒከሮች የሚወጣው ድምፅ ሲጨመር ይጨምራል፤ ከሰብውፈሩ የሚወጣው ግን መቆጣጠሪያውን ቢያዞሩት ባያዞሩት ያው ነው። የስልኩ መተግበሪያ ደግሞ 50 ላይ ቆመ። በዚህ መልስ የካፓሲተሩ ነገር አበቃለት፤ የቡሬው ባለሙያ ግን ዝም አላለም፣ ይህን ኋላ እናገኘዋለን።

ክሩን ያጋጋለው 6ኛው ምላሽ ነው። ከዳንግላ የጻፈ አንድ ሰው፣ እርሱም ተመሳሳይ ችግር ገጥሞት በደቂቃ እንደፈታው ነገረን፦ በሰብውፈሩ ስፒና ጎን ያሉትን ሁለት የግራውንድ ብረቶች (ዕቃውን ከመሬት ጋር የሚያያይዙትን) በፕላስተር መሸፈን፣ ወይም በፒንሳ ቆርጦ መጣል። ጉምጉምታው ወዲያውኑ ይጠፋል አለ። እውነቱን ነው፣ ይጠፋል። ምክሩን አደገኛ ያደረገውም መሥራቱ ነው፤ ባይሠራ ኖሮ ማንም ደግሞ አይሞክረውም ነበር።

በአንድ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ኤሌክትሪክ የሚያስተምሩ ሴት 7ኛውን ጻፉ። የክሩ ረጅሙና ጠቃሚው ጽሑፍ ይህ ይመስለኛል። በዘመናዊ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር ውስጥ ባለው የኃይል መስጫ ላይ አንዱ ከፌዝ (ኮረንቲ ከሚያመጣው ሽቦ)፣ ሌላው ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ) ወደ ዕቃው የብረት አካል የተዘረጉ ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ ሥራቸው ረብሻ ወደ መስመሩ እንዳይወጣ ማጣራት ነው። የብረት አካሉ ከመሬት ጋር ከተያያዘ የሚያሳልፉት ጥቂት ኮረንቲ በግራውንድ ሽቦው በኩል ወርዶ ይቀራል። ካልተያያዘ ግን አካሉ በ220 ቮልት አጋማሽ፣ በ110 አካባቢ ይንሳፈፋል፤ ሰው ከጀርባው ያለውን ጃክ በባዶ እግሩ ቆሞ ሲነካው ጣቱን የሚያንቀጠቅጠው፣ ቴስተር ካቻቪቴም ሲነካው ፈዘዝ ብሎ የሚበራው ይኸው ነው። መጠኑ ከአንድ ሚሊ አምፔር በታች ስለሆነ በራሱ አይገድልም። ነገር ግን አንድ ቀን ውስጡ የፌዝ ሽቦ የላስቲክ ሽፋኑ ተልጦ ከብረቱ ጋር ቢገናኝ፣ ሙሉው 220 ብረቱ ላይ ይቀመጣል፤ ፊውዝ እንዲቃጠል ወይም ማቋረጫው እንዲወድቅ የሚያደርገው መንገድ ደግሞ ያ የተቆረጠው ብረት ነበር። መምህርቷ የጻፉት በእርጋታ ቢሆንም የመጨረሻው ዐረፍተ ነገራቸው ስለት ነበረው፤ ሕፃናት ባሉበት ቤት እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጥ ሰው ስለ ድምፅ ጥራት ከማውራቱ በፊት ስለ ሕይወት ቢያውቅ ይሻላል አሉ።

8ኛው የዳንግላው ሰው መልስ ነው። እስከዚያ ድረስ ሁሉም እርስዎ ሲባባል የቆየበት ክር እዚህ ላይ አንቺ የሚል ገባበት። ቤቱ ውስጥ ማንም እንዳልሞተ፣ በመጽሐፍ የተማረና በእጁ የሠራ አንድ እንዳልሆነ፣ ጀርመን ያለው ደንብ ጎጃም ላይ እንደማይሠራ ደረደረ። የመጨረሻው ነጥብ ግማሽ እውነት አለው፤ ብዙ የቆዩ ቤቶቻችን የግራውንድ መስመር የላቸውም። ከዚያ መቁረጥ ይሻላል የሚል መደምደሚያ እንዴት እንደወጣ ግን አልገባኝም።

ምናልባት ጠቡን ለማብረድ፣ ምናልባትም ስላላነበበው፣ 9ኛው ወዳጅ ፍጹም ሌላ ታሪክ ይዞ መጣ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ኳስ ማሳያ ቤት አለው። በጨዋታ መሐል ከስፒከሮቹ ቲት-ቲት-ቲት-ቲርርር የሚል ድምፅ እየተነሣ ደንበኛው ሲጮህበት ኖሯል፤ አምፕሊፋየር ለውጦ እንኳ አልጠፋለትም። በኋላ እንደደረሰበት ጥፋቱ የራሱ ስልክ ነበር፤ የመግቢያ ገንዘብ እየተቀበለ ስልኩን አምፕሊፋየሩ ክዳን ላይ ያስቀምጥ ነበርና። 4ኛው ምላሽ ሰጪ ወዲያውኑ ማብራሪያ ሰጠበት፦ በሁለተኛው ትውልድ የሞባይል መስመር ስልክ የሚያስተላልፈው ያለማቋረጥ ሳይሆን በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል እየበራና እየጠፋ ነው፤ ያንን ምት ደግሞ በአቅራቢያው ያለ ማንኛውም ረጅም የድምፅ ገመድ እንደ አንቴና ይቀበለዋል። ስልኩን ጥቂት ማራቅ ይበቃል። ከጡረተኛው ጉዳይ ጋር አይገናኝም፤ ቢሆንም የ50 ሄርትዝ እምታና ይህ አንድ አለመሆናቸውን ለአንባቢ ለይቶ ስላሳየ ከንቱ አልሆነም።

በ10ኛው ላይ ነገሩ ጨርሶ ከመንገድ ወጣ። አንድ አንባቢ፣ የዚህ ሁሉ ጦስ የመብራቱ መዋዠቅ ነው ብሎ ተነሣና፣ ጢስ ዓባይና ጣና በለስ አፍንጫችን ሥር እያሉ እንዴት ምጣድ ሲሰካ አምፖል ይደበዝዛል ሲል በምሬት ጠየቀ። ሦስት ሰዎች ተከትለውት ስለ በለስ 460 ሜጋ ዋት፣ በ2002 ዓ.ም. ስለመመረቁ፣ ከዚያም ስለ ቆጣሪና ስለ ማገዶ ዋጋ ጻፉ። እነዚህን ልለፋቸው። የረባው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚስብ፣ ማለት 16 አምፔር ገደማ ስለሚጠይቅ፣ በቀጭን ሽቦ በተዘረጋ ቤት ውስጥ ቮልቴጁን ያወርዳል፤ አምፕሊፋየሩ ጓ ብሎ ሊጠፋም ይችላል። ይህ ግን ቅጽበታዊ ነው እንጂ ሌት ተቀን የሚያጉመተምት ነገር አያመጣም። ኃይሉ የሚመነጭበት ቦታ መቅረብም ከሠፈሩ ትራንስፎርመር እስከ ቤቱ ያለውን ቀጭን ሽቦ አያወፍረውም።

የባሕር ዳሩ ተማሪ በ11ኛው ተመልሶ ክሩን ወደ ቦታው አመጣው። የመክፈቻውን ጽሑፍ እንደገና እንዳነበበና ሰብውፈሩ ለብቻው ግድግዳ ላይ መሰካቱን እንዳስተዋለ ከገለጸ በኋላ፣ ጡረተኛው የኤክስቴንሽኑን ፎቶ አንሥተው እንዲለጥፉ ጠየቀ። ፎቶው ሲመጣ ሁሉ ነገር ታየ። ኤክስቴንሽኑ የየአገሩን ስፒና የሚቀበል፣ ቀዳዳዎቹ ክብም ጠፍጣፋም የሆኑ፣ በየሱቁ የሞላው ዓይነት ነው። ከጀርመን የመጣ ስፒና ግራውንዱ በጎንና በጎኑ ባሉ ሁለት የብረት ክንፎች ላይ ነው ያለው፤ በዚህ ኤክስቴንሽን ላይ ሲሰካ ሁለቱ እግሮች ገብተው መብራት ያገኛል፣ ክንፎቹ ግን የሚነኩት ፕላስቲክ ብቻ ነው። የግድግዳው ሶኬት ግን ጎድጎድ ያለ፣ በጎኖቹም የብረት መንካኪያ ያለው ነበር። ስለዚህ በዚያ ሳሎን ውስጥ ከመሬት ጋር የተያያዘው ብቸኛ ዕቃ ሰብውፈሩ ነው።

ከዚህ በኋላ ተማሪው የሠራው ትንታኔ ያማረ ነው። መውጫ ያጣው የቴሌቪዥኑና የሪሲቨሩ ሾላካ ኮረንቲ (መምህርቷ የጠቀሱት፣ በትንንሾቹ ካፓሲተሮች ወደ ብረት አካሉ የሚያልፈው) ወደ መሬት የሚወርድበት አንድ መንገድ ብቻ አግኝቷል፦ ከቴሌቪዥኑ በቀይና ነጩ ገመድ ልባስ ወደ አምፕሊፋየሩ፣ ከአምፕሊፋየሩ በሰብውፈሩ ገመድ ልባስ ወደ ሰብውፈሩ፣ ከዚያም በግድግዳው ሶኬት ወደ መሬት። በመጀመሪያው ገመድ ላይ ሲያልፍ የሚፈጥረው ትንሽ ቮልቴጅ ከዘፈኑ ጋር ተደምሮ አምፕሊፋየሩ ውስጥ ስለሚገባ፣ የፊት ስፒከሮቹ ጉምጉምታ ከድምፅ መቆጣጠሪያው ጋር ይጨምራል። በሁለተኛው ገመድ ላይ የሚፈጥረው ግን የሚገባው ሰብውፈሩ በራሱ ባለው ማጉያ ውስጥ፣ ከመቆጣጠሪያው ወዲያ ስለሆነ አይለዋወጥም። ሁለት ጠባይ ያሳየው ረብሻ ምንጩ አንድ ነበር። የዳንግላው ሰው ዘዴም ለምን እንደሚሠራ ግልጽ ሆነ፤ ብቸኛዋን የመሬት መውረጃ ሲቆርጧት ጉምጉምታው ይቆማል፣ የሳሎኑ ዕቃ ሁሉ ግን 110 ቮልት ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል።

አንድ ነገር ግን ቀረ። መምህርቷ የአንድ ቴሌቪዥንና የአንድ ሪሲቨር ሾላካ ብቻውን ይህን ያህል ሊያጉመተምት እንደማይገባው ጠቁመው ዲሹ የት እንደተተከለ ጠየቁ። በ12ኛው የመጣው መልስ የሚገርም ነበር፦ ዲሹ ያለው በአከራያቸው ቤት ቆርቆሮ ላይ ሲሆን፣ ከአንዱ ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ተቀምጦ ሞገዱን ከሚቀበለው ዕቃ) ላይ እርሳቸው፣ አከራያቸውና ሁለት ተከራዮች በአራት ገመድ ይካፈላሉ። ከሪሲቨሩ ጀርባ የሚጠመዘዘውን የዲሽ ጃክ ሲፈቱት ጉምጉምታው አብዛኛው ጠፋ፤ ሲፈቱትም ጣታቸውን ነዘራቸው።

ከእንጅባራ የጻፈ አንድ ዲሽ ሠራተኛ 13ኛውን ምላሽ ሰጠ፤ በጽሑፉ ከክሩ ሁሉ አጭሩ፣ በዕውቀት ግን ከማንም የማያንስ ሰው ነው። ባለ አራት መውጫ ኤልኤንቢ ላይ የሚታሰሩት አራቱም ገመዶች የውጭ ልባሳቸው በኤልኤንቢው ብረት አማካይነት አንድ ይሆናል። ስለዚህ የአራቱ ቤቶች ሪሲቨሮችና ቴሌቪዥኖች አካላቸው በሽቦ ተያይዟል ማለት ነው። በሦስቱ ቤቶች ግራውንድ ከሌለ፣ የሁሉም ሾላካ ተጠራቅሞ ግራውንድ ያለበትን ቤት ፈልጎ ይመጣል። አራቱ አባወራዎች ሳያውቁት የአንድ ማኅበር ጽዋ ሲጠጡ ኖረዋል። ጡረተኛው ሰብውፈር በማስገባታቸው የሠፈሩን ሁሉ ኮረንቲ ወደ ሳሎናቸው ጠሩት።

መፍትሔው ላይ ጥቂት ተቧቀሱ። 14ኛው፣ ከሞጣ የጻፈ፣ በዲሹ ገመድ መሐል የሚገባና የሾላካውን መንገድ የሚዘጋ ማግለያ እንዲገዙ መከረ። 15ኛው ያው የእንጅባራው ሠራተኛ ነው፤ በአጭሩ አይሆንም አለው። ለተራ አንቴና የሚሠራው ማግለያ ቀጥተኛ ኮረንቲ አያሳልፍም፤ ኤልኤንቢ ደግሞ የሚሠራው ሪሲቨሩ በዚያው ገመድ በሚልክለት 13 ወይም 18 ቮልት ነው፣ የሚቀበለው ሞገድ ቁም ይሁን አግድም መሆኑም የሚመረጠው በዚሁ ነው። ማግለያውን ሲያስገቡ ጉምጉምታው ይጠፋል፣ ምስሉም አብሮ። የሞጣው ሰው ይህን በጸጋ አልተቀበለውም፤ ማንም ገመድ ጠምዛዥ ሊያስተምረው እንደማይፈቅድ ጽፎ ከክሩ ወጣ።

መምህርቷና ተማሪው የተስማሙበት መንገድ ሁለት ክፍል አለው። ትክክለኛውና ዘላቂው የዲሹ ገመድ ወደ ቤቱ በሚገባበት ቦታ ልባሱን ከቤቱ ግራውንድ ጋር ማሰርና ኤክስቴንሽኑን የጎን መንካኪያ ባለው መለወጥ፣ ሰብውፈሩንም ከዚያው ከአንድ ሶኬት ማብላት ነው፤ የመጀመሪያውን ኤሌክትሪሽያን ይሥራው። ፈጣኑ ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደውን የመዳብ ገመድ በኦፕቲካል መተካት ነው። ኦፕቲካል ገመድ የሚያስተላልፈው ብርሃን ስለሆነ፣ በእርሱ በኩል የሚያልፍ ኮረንቲ የለም፤ የሠፈሩ ሾላካ ቴሌቪዥኑ ላይ ደርሶ መንገዱ ይዘጋበታል። 16ኛው ምላሽ የጡረተኛው ምሥራች ነው። ኦፕቲካሉን ከባሕር ዳር አስመጥተው ሲሰኩ የፊት ስፒከሮቹ ጸጥ አሉ፤ ኤክስቴንሽኑ ሲለወጥ ሰብውፈሩም ዝም አለ።

የኋላ ስፒከሮቹ ግን እንደ ቀድሞው ዝም እንዳሉ ናቸው። የቡሬው ባለሙያ በ17ኛው የተመለሰው ይህን ይዞ ነው፤ ቀድሞም ዕቃው ታሟል ብዬ ነበር፣ የኋላው ቻናል ማጉያ ተቃጥሏል፣ አሁንም አምጡት አለ። 18ኛው ጸሐፊ፣ ከዚህ ቀደም ያልተሳተፈ ሰው፣ ትዕግሥቱ ያለቀ ይመስላል፤ ሳይነካ የሚመረምር ሐኪም ከየት መጣ ብሎ ጀመረ። ቢሆንም መንገዱን አሳየ፦ አምፕሊፋየሩ በራሱ ውስጥ የሙከራ ድምፅ አለው፣ ከማስተካከያው ዝርዝር ሲከፈት ሽሽታውን ከስፒከር ወደ ስፒከር በየተራ ያዞረዋል። ጡረተኛው ሞከሩት፤ ሽሽታው ከፊት ግራ ተነሥቶ በመሐለኛው፣ በፊት ቀኝ፣ ከዚያም በሁለቱ የኋላ ስፒከሮች አልፎ ሰብውፈሩ ላይ ደረሰ። የተቃጠለ ነገር አልነበረም።

ታዲያ ለምን ዝም አሉ? በ19ኛው ላይ ተማሪው እንደገና ጻፈ። 5.1 ማለት አምስት ሙሉ ቻናልና እስከ 120 ሄርትዝ ድረስ ያለውን ወፍራሙን ብቻ የሚይዝ አንድ ተጨማሪ ቻናል ነው፤ እነዚህ ስድስቱ ተለያይተው መመዝገብና መተላለፍ አለባቸው። እርሳቸው በዲሽ የሚያዩዋቸው ጣቢያዎች የሚልኩት ሁለት ቻናል፣ ግራና ቀኝ ብቻ ነው። ለኋላ የተላከ ነገር ስለሌለ የኋላው ዝም ማለቱ ጤና ነው። ስድስት ቻናል ያለው ፊልም በዲቪዲ ወይም በፍላሽ ሲያገኙ ግን የቴሌቪዥኑ የኦፕቲካል መውጫ ፒሲኤም (ያልታመቀ ድምፅ) ላይ ከተቀመጠ ሁለት ብቻ አድርጎ ይሰጣል፤ ቢትስትሪም (የታመቀውን እንዳለ የሚያሳልፍ) ወይም ዶልቢ ዲጂታል ወደሚለው መለወጥ አለበት። ኦፕቲካል ያልታመቀ ስድስት ቻናል የመሸከም አቅም የለውም፤ የሚችለው የታመቀውን ዶልቢ ዲጂታልና ዲቲኤስ ነው። በኤችዲኤምአይ ድምፅን ከቴሌቪዥን ወደ አምፕሊፋየር መመለስ ከ2009 እ.ኤ.አ. በወጣው ደረጃ ቢጀመርም፣ በኤችዲኤምአይ ገመዱ የመዳብ ልባስ በኩል ያው ጉምጉምታ መንገድ ሊያገኝ ስለሚችል ለእርሳቸው ኦፕቲካሉ ይበቃቸዋል አለ። ሁለቱን ቻናል ወደ አምስት መዘርጋት ከፈለጉ ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ፕሮ ሎጂክ 2 የሚባለው የመዘርጊያ ስልት አምፕሊፋየሩ ላይ አለና እርሱን ያብሩ።

20ኛው ይህን የመጨረሻውን ምክር በጽኑ ተቃወመ። ለሁለት ጆሮ በሁለት ቻናል የተቀረጸን መዝሙር ለአምስት መበተን ቅጂውን ማበላሸት ነው፤ ማሲንቆ የሚመታ ሰው ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው፣ ከሶፋ ጀርባ አይመጣም አለ። እኔም ለዜማ ከእርሱ ጋር ነኝ፤ ለኳስ ግን የተመልካቹ ጩኸት ከኋላ ቢመጣ የሚጠላው ያለ አይመስለኝም። እዚህ ላይ 21ኛው ዓይነ አፋር ጠያቂ ጣልቃ ገባ። የበገና መዝሙር ሲከፍት ብቻ ስፒከሩ ዝዝዝ ይላል፤ ኮኑ ተቀዶ ይሆን? ብዙዎች በአንድ ጊዜ መለሱለት፦ ያ ዝዝታ የስፒከሩ አይደለም፣ የበገናው ነው። በየጅማቱና ድልድዩ መሐል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ፣ ሥራዋ ጅማቱ እንዲንዘር ማድረግ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ሰምቶ አንድ ዓይነት ከሆነ ስፒከሩ ደኅና ነው።

22ኛው የፍኖተ ሰላሙ ኳስ ቤት ባለቤት ነው፤ የኋላ ስፒከሮቹ ይሰማሉ፣ ግን ደክመዋል። 12 ሜትር ርቀት በ0.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ዘርግቷል። ሒሳቡን 4ኛው ምላሽ ሰጪ ሠራለት፦ ሄዶ መመለሱ 24 ሜትር ስለሆነ ንጹሕ መዳብ ቢሆን እንኳ ሽቦው 0.84 ኦም ይቋቋማል፤ ስፒከሩ 4 ኦም ከሆነ ከኃይሉ ስድስተኛው እጅ ያህል ሽቦ ማሞቂያ ሆኖ ይቀራል። በ2.5 ሽቦ 0.17 ኦም ብቻ ነው። በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጎ ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። የቀይና ጥቁሩን አቅጣጫ እንዲያጣራም አሳሰበው፤ አንዱ ስፒከር ተገልብጦ ከታሰረ ሁለቱ ሲገፋፉ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ኳስ ቤቱ በማግሥቱ ጽፎ ግራው ተገልብጦ እንደነበረ ነገረን።

ጡረተኛው በ23ኛው ያመጡት ቀላል ነበር፤ ከኦፕቲካሉ ወዲህ የዜና አንባቢው ድምፅ ከከንፈሩ ይቀድማል። ቴሌቪዥኑ ምስሉን ለማጥራት ጊዜ ስለሚወስድ ነው ተባሉ፤ አምፕሊፋየሩ ላይ ድምፅ የሚያዘገየውን ማስተካከያ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ እስኪገጥም ማየት ነው። ገጠመላቸው።

የመጨረሻው፣ 24ኛው፣ የዳንግላው ሰው ነው። ይቅርታም ምስጋናም አልጻፈም፤ የግድግዳ ሶኬት ግራውንዱ እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል ብሎ ብቻ ጠየቀ። መምህርቷ እርስዎ እያሉ መለሱለት። በመልቲሜትር በፌዝና በኒውትራል መካከል 220፣ በፌዝና በግራውንድ መካከልም ያንኑ ያህል፣ በኒውትራልና በግራውንድ መካከል ቢበዛ ጥቂት ቮልት መገኘት አለበት። ፌዝና ግራውንድ መሐል ግማሹን ወይም የሚዋልል ቁጥር ካሳየ ግራውንዱ የትም አልታሰረም። በኒውትራልና በግራውንድ መካከል ደግሞ በዚያው መስመር ምጣድ ተሰክቶ እንኳ ድፍን ዜሮ ከሆነ፣ አንድ ሰው ሶኬቱ ውስጥ ሁለቱን በአጭር ሽቦ አገናኝቷቸዋል ማለት ስለሆነ፣ ማንኛውም የብረት አካል ያለው ዕቃ ሳይሰካበት ይፈታ።